ከዎርድ በቀጥታ ብሎግ ላይ በአንድ ቁልፍ ማውጣት፦ የሚያዋጣ ነገር ነው?

መነሻ ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ብሎጌን የምጽፈው ዎርድ ላይ ነው። ስጨርስ ሙሉውን ኮፒ አድርጌ ብሎጌ የሚሠራበት ዎርድፕረስ የሚባለው ፕሮግራም ሳጥን ውስጥ ፔስት አደርገዋለሁ፤ ከዚያ የተዘበራረቀውን ሳስተካክል ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ፎንቱ ይለወጣል፣ በአንቀጾች መካከል ያለው ክፍተት ይዘባረቃል፣ ምስሎቹን አንድ በአንድ እንደገና መጫን ነው። በቅርቡ አዲስ ፋይል ስከፍት ለብሎግ ጽሑፍ የተዘጋጀ ቴምፕሌት ዎርድ ውስጥ አየሁ። ከ2007 እትም ጀምሮ እዚያው ተቀምጦ ኖሯል፤ እኔ ነኝ ያላየሁት። የብሎጉን አድራሻና የይለፍ ቃል አንዴ ይጠይቃል፤ ከዚያ ወዲያ ቁልፉን መጫን ብቻ ነው።

ሦስት ጽሑፎች በዚህ መንገድ አወጣሁ፤ ሦስቱም ደህና ወጡ። አራተኛው ሰንጠረዥ ነበረውና እሱ ላይ ጉድ ፈላ። ሰንጠረዡ ከገጹ ጠርዝ አልፎ ተንጠለጠለ፣ ፊደሉም ከሌላው ጽሑፌ ጋር የማይገናኝ ሆነ። ጥያቄዬ ይኸው፦ ከምትጽፉበት ፕሮግራም በቀጥታ የምታወጡ ሰዎች በምን ትጠቀማላችሁ? ዓመት ሁለት ዓመት ይዘልቃል? ብሎጉ ላይ ባለው ሳጥን ውስጥ ጻፍ ሊለኝ የሚፈልግ ካለ ግን አይድከም። ብሮውዘሩ ተዘግቶ አንድ ሙሉ ጽሑፍ በልቶብኛል፤ ሁለተኛ አልሞክረውም።

የመጡት መልሶች

ብዙዎቹ ረጃጅም ስለነበሩ ፍሬ ነገራቸውን በራሴ አነጋገር በየቁጥራቸው አስቀምጫለሁ። ያጣመምኩት ካለ ባለቤቱ ያርመኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ምላሽ 1። ትሁት ሰው ነው። እንኳን ደህና መጡ ብሎ የዎርዱን እትም ጠየቀኝ፤ ብሎጉ በራሴ ሰርቨር ላይ ይሁን ዎርድፕረስ ዶት ኮም ላይ ማወቅም ፈለገ። መልሱ እንደዚያ ይለያያል አለና እንዴት እንደሚለያይ ሳይነግረን ሄደ። እስከ መጨረሻውም አልተመለሰም።

ምላሽ 2። ፕሮግራመር መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ቁልፉ ሲጫን ምን እንደሚሆን ከሥሩ አስረዳ። ፕሮግራሙ ርዕሱን፣ አካሉንና ምድቡን አንድ ላይ ጠቅልሎ ኤክስኤምኤል-አርፒሲ በሚባል መንገድ ለሰርቨሩ ይልካል። መንገዱን በ1998 የቀየሱት ዴቭ ዋይነርና ማይክሮሶፍት ናቸው። በ2001 ብሎገር የሚባለው፣ ዛሬ የጉግል የሆነው የብሎግ አገልግሎት ጽሑፍ መላኪያ ደንብ አወጣበት፣ በ2002 ሜታዌብሎግ የሚባለው ተከተለ። ለእኔ ትናንት የተገኘ የመሰለኝ ቁልፍ ለካስ የሃያ ዓመት ሽማግሌ ነው። የሰውየው ዋና ነጥብ ግን ሌላ ነበር፦ መላኪያው ጥፋት የለበትም፣ ጥፋቱ የሚላከው ነገር ውስጥ ነው። ዎርድ የተሠራው ወረቀት ላይ ለሚታተም ገጽ በመሆኑ ፎንቱን፣ መጠኑንና ክፍተቱን ከጽሑፉ ጋር ያጣብቃቸዋል። ብሎጉ ደግሞ ይህን ሁሉ በራሱ ቴም፣ ማለትም የገጹን መልክ በሚወስነው ንድፍ፣ መወሰን ይፈልጋል። ሁለቱ ሲጋጩ ጽሑፉ ላይ የተጣበቀው ትእዛዝ ያሸንፋል። ሰንጠረዡ ከጠርዝ ያለፈው በወረቀት ስፋት ስለተለካ ነው፤ ስልክ ላይ ያ ስፋት ከየት ይመጣል?

ምላሽ 3። ቁጥር 2ን በአክብሮት አረመው። ያ የድሮው በር ነው፤ ዎርድፕረስ በታኅሣሥ 2016 በወጣው 4.7 እትም ሬስት የሚባል አዲስ በር ከፍቷል፤ አዳዲስ ፕሮግራሞች በዚያ ይገባሉ። የድሮውን በር ደግሞ ብዙ ሰርቨር አከራዮች ይዘጉታል፤ ምክንያትም አላቸው። በ2014 ከ162 ሺህ በላይ የዎርድፕረስ ሳይቶች በዚሁ በር በኩል ባለቤቶቻቸው ሳያውቁ አንድን ሳይት ለማጨናነቅ ውለዋል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሰርጎ ገቦች በአንድ ጥያቄ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር የይለፍ ቃል መሞከር እንደሚችሉ ደረሱበት። ስለዚህ አንድ ቀን ቁልፉ አልገናኝም ካለ ዎርድን እንደገና ከመጫን በፊት አከራዩን መጠየቅ ነው። ይህን ምላሽ ለብቻው አስቀምጬዋለሁ፤ ሁለት ቀን ያድነኝ ነበር።

ምላሽ 4። እኚህ ሰው በዕድሜ ገፋ ያሉ ይመስሉኛል፤ ሁሉንም ልጆቼ እያሉ ነው የሚጽፉት። ብሎግ መጻፊያና መላኪያ ስለነበረው የማይክሮሶፍት ፕሮግራም፣ ስለ ዊንዶውስ ላይቭ ራይተር፣ የጻፉት እንደ ሙሾ ነበር። በ2006 ወጣ፣ በ2012 የመጨረሻው እትም መጣ፣ በታኅሣሥ 2015 ደግሞ ኮዱ ለሕዝብ ተለቅቆ ኦፕን ላይቭ ራይተር ተባለ። እሳቸው እንደሚሉት ከዚያ ወዲህ የመጣ ሁሉ ልጁ እንጂ እኩያው አይደለም። ስትጽፍ የራስህን ብሎግ መልክ ለብሶ ይታይሃል፤ ፎንቱም ስፋቱም ያው ነው። ይህን የሚያደርገው በዘዴ ነው፦ አካውንቱ ሲገናኝ አንድ የሙከራ ጽሑፍ ብሎጉ ላይ ያወጣል፣ ገጹ እንዴት እንደሚታይ አይቶ ይማራል፣ ከዚያ ያጠፋዋል።

ምላሽ 5። ያጠፋዋል መባሉ አሳቃት። የእሷ ብሎግ ላይ አልጠፋም። ለቴም መለያ የወጣ ጊዜያዊ ጽሑፍ ነው የሚል ርዕስ ይዞ ከነመለያ ቁጥሩ ለዓመታት እዚያው ተቀምጧል፤ አስተያየት የሰጡበትም ሰዎች አሉ። እኔም ፈልጌ አየሁ፤ ዓለም ላይ እንዲህ ያሉ የተረሱ ጽሑፎች ያሏቸው ብሎጎች ቀላል አይደሉም።

ምላሽ 6። ቁጥር 4ን ናፍቆት ብቻውን አያዋጣም አላቸው። በ2015 ጉግል የድሮውን መግቢያ መንገድ ሲዘጋ ላይቭ ራይተር ብሎገር ላይ ቆመ። ተተኪው ያንን አስተካከለ። በ2019 ደግሞ ፒካሳ የሚባለው የጉግል ምስል ማስቀመጫ በር ሲዘጋ ምስል መላክ እንደገና ተቋረጠ። ቁልፉ የሁለት ጌቶች አገልጋይ ነው፤ አንዱ ጌታ ሐሳቡን በቀየረ ቁጥር ይሰበራል። ዓመት ሁለት ዓመት ይዘልቃል ወይ ላልኩት ከሁሉ የተሻለው መልስ ይህ ነበር።

ምላሽ 7 እና 8። የማክ ሰዎች ናቸው። አንዱ ማርስኤዲትን አነሳ፤ ከ2004 ጀምሮ ያለ፣ ሥራዬ ብሎ ብሎግ ለመላክ ብቻ የተሠራ ፕሮግራም ነው። ሌላኛዋ ዩሊሲስ የሚባለውን መጻፊያ ፕሮግራም ወደደች፣ በዚያው ትንፋሽም በ2017 ወደ ወርሃዊ ክፍያ መዞሩን ረገመች። እኔ ማክ ስለሌለኝ አለፍኳቸው።

ምላሽ 9። እስከዚህ ድረስ ሁሉም በጨዋነት ነበር። ይኼኛው መጣና በዎርድ የሚጽፍ ሰው የሚደርስበት ሁሉ ይገባዋል አለ። ማርክዳውን፣ ማለትም ጽሑፍን በተራ ምልክቶች ብቻ መቅረጫ ዘዴ፣ ከ2004 ጀምሮ አለ፤ ርዕስ ለማድረግ አንድ ምልክት፣ ለማድመቅ ሁለት ኮከብ፤ ፎንት የለ፣ ቀለም የለ፣ የሚጣበቅ ቆሻሻ የለ። ያልገባችሁ ነገር ቀላልነቱ ነው ብሎ ዘጋ።

ምላሽ 10። ኤዲተር ናት። እርስዎ ብቻዎን ጽፈው ብቻዎን የሚያወጡ ከሆነ ደስ ይበልዎት አለችው። እሷ ጽሑፍ የሚመጣላት ከብዙ ሰው ነው፤ እርማቱ ሁሉ ዎርድ ላይ በቀለም ተሰምሮ፣ ዳር ላይ ማስታወሻ ተጽፎበት ይመላለሳል። ያንን ሁሉ ሰው ማርክዳውን ተማሩ ማለት ውሃ የማያነሳ ምክር ነው።

ምላሽ 11። ቁጥር 9 ተመለሰ፤ እርስዎ ያለችውን ሴት አንቺ ብሎ። የሌሎች ስንፍና የእኔ ችግር አይደለም የሚል ነው መንፈሱ። እዚህ ላይ ነገሩ ሞቀ። ሁለት ሰዎች ከአንቺው አጠራር ላይ ያዙት፤ እነሱን አልቆጠርኳቸውም፣ ስለ ጽሑፍ ማውጣት ያሉት ነገር የለምና።

ምላሽ 12። ሁላችንንም ዝም ያሰኘች ተርጓሚ። ከዓመታት በፊት የተጻፉ ፋይሎቿን ከዎርድ በቀጥታ ላከች፤ ኮምፒውተሯ ላይ ጥርት ያለ አማርኛ የነበረው ብሎጉ ላይ የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ሆኖ ወጣ። ቁልፉ ያበላሸባት መስሏት ኮፒ ፔስት ሞከረች፤ ከድጡ ወደ ማጡ። ቁጥር 2 ወዲያው መጥቶ አስረዳት። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ሰው የሚጽፍባቸው ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቁጥር ላይ አልብሰው ነበር። ፋይሉ ውስጥ ያለው ላቲን ነው፣ ግዕዙ ልብስ ነው። ጽሑፉ ሲላክ ልብሱ እቤት ይቀራል። መድኃኒቱ ከመላክ በፊት ፋይሉን ወደ ዩኒኮድ በሚገለብጥ መሣሪያ ማሳለፍ ነው፤ ከዚያም መፈተሽ፣ ምክንያቱም ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች ላይ ስህተት አይጠፋም።

ምላሽ 13። ቁጥር 2 ከዚሁ ተነስቶ ማንም ያልጠየቀውን ነገር ጨመረ፤ ለእኔ የክሩ፣ ማለትም የዚህ ሁሉ ውይይት፣ ምርጥ መልስ ይህ ነው። ዎርድፕረስ ሊንኩን የሚሠራው ከርዕሱ ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው። ሊንክ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ባይት የፐርሰንት ምልክትና ሁለት አሃዝ ይሆናል፤ ስለዚህ አንድ ፊደል 9 ቦታ ይበላል። ለሊንኩ የተመደበው 200 ቦታ ነው። ሲካፈል 22 ፊደል። ከዚያ የሚተርፈው ይቆረጣል። ሳይቱ ላይ ብትጽፍ ሊንኩን ከማውጣትህ በፊት ታየዋለህ፣ በአጭር የላቲን ቃል ትተካዋለህ። የዎርዱ ቴምፕሌት ግን ርዕስና ምድብ እንጂ ሊንክ የምታስተካክልበት ቦታ አይሰጥህም።

ሄጄ የራሴን ቆጠርኩ። ከሦስቱ ደህና ወጡ ካልኳቸው ሁለቱ መሃል ላይ የተቆረጠ ሊንክ ነበራቸው።

ምላሽ 14። ተርጓሚዋ ተመልሳ፣ የተሰራጨውን ሊንክ አሁን ብቀይረው ይሞታል ወይ ብላ ጠየቀች። ቁጥር 3 አይሞትም አላት፤ ዎርድፕረስ የድሮውን ሊንክ አስታውሶ በዚያ የመጣውን ሰው ወደ አዲሱ ይመራዋል።

ምላሽ 15 እስከ 18። ክሩ መንገድ ሳተ። ቁጥር 15 ርዕስ መጨረሻ ላይ አራት ነጥብ አታድርጉ፣ እሱም 9 ቦታ ይበላል አለ፤ በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ ከማድረግም ባዶ ቦታ ይሻላል፣ ባዶ ቦታ ወደ አንድ ሰረዝ ይለወጣልና። ቁጥር 16 ሁለት ነጥብን መተው ጽሕፈታችንን መተው ነው ብሎ ተቆጣ። ቁጥር 17 ሁለት ነጥብን ሁለቴ ደርበው አራት ነጥብ አስመስለው የሚጽፉ ሰዎች ይብሳሉ አለ፤ ለዓይን አንድ ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ሌላ ምልክት ስለሆነ ፍለጋ ላይ አይገኝም። ቁጥር 18 የሁለቱንም አባባል በሁለት ነጥብ ጽፎ አሾፈባቸው። እኔ እንኳ ልመልሳቸው ብዬ ራሴ ገብቼበት ነበር።

ምላሽ 19። ከሁሉ አጭሩ። አንዲት ሴት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ ጽሑፉ ከወጣ በኋላ አንባቢ ስህተት ቢያገኝ የት ነው የምታርሙት፣ ብሎጉ ላይ ወይስ ፋይሉ ላይ? እሷ በስልኳ ብሎጉ ላይ ታርማለች፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው ስህተት ግን እንደ ተኛ ይቀራል።

ይህን እስካነብ ድረስ ስለ ፎንትና ስለ ሰንጠረዥ ነበር የምጨነቀው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

ምላሽ 20። እኔው ነኝ የመለስኩት፤ ደብቄው የነበረውን ተናዘዝኩ። አንድ ጽሑፍ ውስጥ የተሳሳተ ቁጥር ጽፌ አንባቢ ነገረኝና በስልክ አረምኩት። ከሳምንት በኋላ አንድ አንቀጽ ልጨምር ብዬ ዎርዱን ከፈትኩ፣ ጨመርኩ፣ ቁልፉን ተጫንኩ። የተሳሳተው ቁጥር ተመልሶ መጣ። ያረመኝ አንባቢ አይቶት፣ ምክሬን ካልፈለግከው ምነው አመሰገንከኝ ብሎ ጻፈልኝ። ዎርድፕረስ ከ2008 ጀምሮ የየእርማቱን ቅጂ ስለሚያስቀምጥ የጠፋውን መመለስ ቀላል ነበር፤ ሰውየውን ማስረዳት ግን ቀላል አልነበረም።

ምላሽ 21። ቁጥር 9 ነው፤ በዚህኛው ተረጋግቷል። የእሱ መንገድ ጽሑፉን አንድ ቦታ ብቻ ማኖር ነው። ብሎጉ የሚገነባው ከማርክዳውን ፋይሎች ነው፤ ጄኪል ከ2008፣ ሁጎ ከ2013 ጀምሮ ይህን ይሠራሉ። እርማት ሁልጊዜ ፋይሉ ላይ ነው፤ ገጹ ከፋይሉ ተነስቶ እንደ አዲስ ይሠራል። በስልክ ማረም እንደማይመች ግን ራሱ አመነ።

ምላሽ 22። የቁጥር 4 ሽማግሌ ዎርዱን አወቁበት። ልጄ፣ የድሮውን ፋይል ለምን ከፈትክ አሉኝ። ቴምፕሌቱ ላይ የወጣን ጽሑፍ ከብሎጉ መልሶ የሚያመጣ ቁልፍ አለ፤ ላይቭ ራይተርም ነበረው፣ ማርስኤዲትም አለው። ከብሎጉ አምጥተህ ታርማለህ፣ መልሰህ ትልካለህ።

ምላሽ 23። ቁጥር 3 እዚህ ላይ አስጠነቀቀ። በታኅሣሥ 2018 ከወጣው 5.0 እትም ወዲህ ዎርድፕረስ ጽሑፉን በብሎክ ይከፋፍለዋል፤ የየብሎኩ ምልክት የሚቀመጠው ለአንባቢ በማይታይ ማስታወሻ መልክ ነው። ብሎክ የማያውቅ የድሮ ፕሮግራም ጽሑፉን አምጥቶ ሲመልሰው እነዚያን ምልክቶች ሊጥላቸው ይችላል። ብሎጉ ላይ መልሰህ ስትከፍተው አንድ ወጥ ክምር ሆኖ ይጠብቅሃል። ንጹህ ጽሑፍ ብቻ ከሆነ ምንም አይደለም፤ ዓምድና ቁልፍ ያለው ገጽ ከሆነ ግን አትንካው።

ምላሽ 24። አንድ ሰው ቁርጥ ያለ ደንብ አቀረበ። እስኪወጣ ድረስ ዋናው ቅጂ ፋይሉ ነው። ከወጣ በኋላ ዋናው ብሎጉ ነው፤ ፋይሉ የወጡ ወደሚባል ፎልደር ይገባና ሁለተኛ አይከፈትም። ደስ አለኝ፤ ልይዘው ነው።

ምላሽ 25። ይህን ያህል ደስ አይበልህ አለኝ ሌላው፣ በቁጣ። የሚከራይበት ሰርቨር አንድ ቀን ተዘግቶ የአምስት ዓመት ጽሑፉ አብሮ ሄዷል። የተረፉለት በፋይል የያዛቸው ብቻ ናቸው። ብሎግ የኪራይ ቤት ነው፤ ዋናውን ንብረት የኪራይ ቤት የሚያስቀምጥ ሰው የጠፋበት ቀን አያልቅስ።

ምላሽ 26። ቁጥር 10 ኤዲተሯ ሁለቱን አስታረቀቻቸው ማለት ይቻላል። የቁጥር 24ን ደንብ ትከተላለች፤ ነገር ግን ብሎጉን በየወሩ መጨረሻ በሙሉ ኤክስፖርት ታደርገዋለች፣ ዎርድፕረስ በራሱ አንድ ፋይል አድርጎ ያወርዳል። ምስሎቹ ግን ፋይሉ ውስጥ የሉም፣ ሊንካቸው ብቻ ነው ያለው፤ ለብቻ መያዝ አለባቸው። ቁጥር 25 ለዚህ መልስ አልሰጠም።

ምላሽ 27። የይለፍ ቃል ነገር እስካሁን አለመነሳቱ የገረመው ሰው። ዋናውን የይለፍ ቃል ለጽሕፈት ፕሮግራም አትስጡ። በታኅሣሥ 2020 ከወጣው 5.6 እትም ጀምሮ ዎርድፕረስ ለየፕሮግራሙ የተለየ ባለ 24 ፊደል የይለፍ ቃል ያወጣል፤ ኮምፒውተሩ ቢጠፋ ያንን አንዱን ብቻ ትሰርዛለህ። በዚያው ቀን ቀየርኩ።

ምላሽ 28። ታሪኳን ያነበበ ሁሉ የራሱን ጽሑፍ ሄዶ የሚያይ ይመስለኛል። መሃል ላይ ለራሷ የጻፈችውን ማስታወሻ ሳታወጣ ቁልፉን ተጫነች፤ ይህን ሰውዬ እንደገና ጠይቂው፣ የሚዋሽ ይመስለኛል የሚል ነበር። በደቂቃ ውስጥ አወረደችው። ግን ተመዝጋቢዎቿ ጋ ኢሜይሉ ሄዷል፤ ኢሜይል ደግሞ አይመለስም። ሰውዬውም ተመዝጋቢ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከዎርድ የምትልከው እንደ ረቂቅ ብቻ ነው፤ ከማተሚያው ቁልፍ ሥር ያለችው ቀስት ስትጫን ይህ ምርጫ ይመጣል። ብሎጉ ላይ በስልክ ካየችው በኋላ እዚያው ታወጣዋለች።

ምላሽ 29። እንግዲያው ከሳጥኑ ሸሽተን ሳጥኑ ጋ ደረስን፣ አልሸሹም ዞር አሉ ነው ብዬ ጻፍኩ።

ምላሽ 30። ቁጥር 2 እንደሱ አይደለም አለኝ። ሳጥኑ ውስጥ መጻፍና ሳጥኑ ውስጥ ማየት ይለያያል። ጽሑፉም እርማቱም እኔ በለመድኩት ቦታ አለቀ፤ ምስሎቹም አብረው ሄዱ። የቀረኝ ሦስት ነገር ማየት ነው፦ ሊንኩን ማሳጠር፣ ምስሎቹ ላይ ማየት ለተሳናቸው የሚነበብ መግለጫ መጨመር፣ በስልክ አንድ ጊዜ ማንበብ። ሰንጠረዥ ካለ ግን ከዎርድ አትላከው፣ እዚያው ሥራው አለ። ግማሽ ሰዓቱ አምስት ደቂቃ ሆነልኝ፤ ስለዚህ አልተከራከርኩም።

ምላሽ 31። ቁጥር 10 ሳይጠበቅ ስለ ማርክዳውን ጻፈች። ፓንዶክ በሚባለው መሣሪያ የዎርድ ፋይል ወደ ማርክዳውን ገልብጣ ሞከረች፤ የግርጌ ማስታወሻዎቹ ከነቁጥራቸው ተረፉ፣ ፎንትና ቀለም ተራገፈ። ጸሐፊዎቿ በዎርድ ይቀጥላሉ፣ የሚላከው ግን ከንጹሁ ነው። ቁጥር 9ን በስም አላነሳችውም። እሱ ግን ከሥሩ የምስጋና ምልክት አኖረ።

ምላሽ 32። አንድም መልስ ሳያነብ የገባ ሰው፣ ከዎርድ በቀጥታ ብሎግ ላይ ማውጣት ይቻላል ወይ ሲል ጠየቀ።

ምላሽ 33። ቁጥር 5 ናት። ክሩን ካነበበች በኋላ ያንን ጊዜያዊ የሙከራ ጽሑፍ ልታጠፋው ገባች፤ ሥሩ አዲስ አስተያየት አገኘች፣ ከቁጥር 4 ሽማግሌ። ላይቭ ራይተርን በሕይወት እንዳየሁት ያህል ነው፣ እባክሽ ልጄ ተይው የሚል መልእክት ነው የጻፉላት። ትታዋለች።